ለቻይኖች ያዋስናት አልቃሽ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሐያት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እትየ፣ ይችን እይልኝማ» አለችኝ። ሐያት ዓመታት ጅዳ ኖራ ተመልሳ አሁን ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ሱቅ ከፍታለች። ከቻይና ያልመጣ ዕቃ ሱቋ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ ሻሹም፣ ሳህኑም፣ የስልክ ልባሱም፣ የዚክር መቁጠሪያው ሳይቀር ከዚያው ነው። ስልኩ ላይ መጀመሪያ የታዩኝ በእኔ ዕድሜ ያሉ ቻይናውያን ሴቶች ናቸው፤ አደባባይ ላይ ተሰልፈው ማራገቢያ እያወዛወዙ ይጨፍራሉ። ቀጥሎ ወጣቶች መጡ። ያን አመድማ ሰማያዊ ኮትና ሱሪ ለብሰው፣ ቀይ ኮከብ ያለበትን ቆብ ደፍተው፣ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው በቆርቆሮ ኩባያ እየጠጡ ፎቶ ይነሳሉ። «ልብሱን ተከራይተው እኮ ነው እትየ፣ የድሮ ሰው መምሰል ፋሽን ሁኖ» ብላ ሳቀች። እኔም ልሳቅ ብል አልመጣልኝም። ከጀርባ የሚሰማው ዘፈን ከልጅነቴ የማውቀው ነበር፤ ቃሉ አንድም አይገባኝም፣ ዜማውን ግን አብሬው እስከ መጨረሻው ወጣሁት። ሐያት ደንግጣ ወንበር ሳበችልኝና «አሞሻል እንዴ?» አለች። «ደህና ነኝ፣ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት።

ቻይኖቹ መንገድ ሊሠሩ አገራችን የመጡ ጊዜ ዋናው ሥራቸው ከእኛ ራቅ ብሎ ወደ ሰሜን ነበር። እኛ ዘንድ የነበራቸው ከወደብ ዕቃ ጭነው የሚመላለሱት መኪኖቻቸው የሚያርፉበትና የሚጠገኑበት ግቢ ነው። ግቢው ከሐይቅ ወጣ ብሎ፣ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለነበር የእኛ ቤት አጥር ከነሱ አጥር ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሁሉም ያንኑ አመድማ ሰማያዊ ልብስ ነበር የሚለብሱት። አለቃውን ከወጥ ሠሪው ለመለየት ድስቱን የያዘው ማን እንደሆነ ማየት ነበረብን። እናቴ ወይዘሮ ፋጡማ «እነዚህን ሁሉ አንዲት እናት ናት እንዴ የምታለብሳቸው?» ትል ነበር። ከሰዎቹ ጋር ዕቃቸውም አብሮ ገባ፣ ወይም ገበያው ቀድሞ ይዞት ነበር፣ እንጃ። ነጭ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ሁለት ብር ከሃምሳ ነበር ዋጋው፤ አዲሱን ያደረገ ጎረምሳ አቧራ እንዳይነካው በጣቱ እየረገጠ ሲሄድ ማየት የሰፈሩ መዝናኛ ነበር። ቀይ አበባ የተሳለበት ፔርሙስ ደግሞ ሙሽራ ስትዳር የሚሰጣት ዕቃ ሆነ። እኛም ቤት ነበረችን። መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ እንግዳ ከመቀበል በቀር ምንም ሥራ አልነበራትም፤ ሙቅ ውሃ ሲገባባት አንድም ቀን አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ያኔ ደሴ ተማሪ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ የቤቱ ወንድ እሱ ነበር፤ እኔም «አያ» እለው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ይመጣል። መሬት የሚጠርግ ቦላሌ ለብሶ፣ ጸጉሩን አጎፍሮ ሲንጎራደድ የነበረው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ተለወጠብን፤ ጸጉሩን ተቆረጠ፣ ቆብ ደፋ፣ የቻይናው ሊቀመንበር ምስል ያለባትን ትንሽ ቀይ ዓርማ ደረቱ ላይ ሰካ። ዓርማዋን የሰጠው የግቢው አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው አማርኛን አገሩ ላይ ከመጽሐፍ የተማረ ወጣት ሲሆን፣ ስሙ ለአፋችን ስላስቸገረ የሰፈሩ ሰው ደጉ ብሎ አወጣለትና በዚያው ጸና። ደጉ ለወንድሜ ሥዕል የበዛባቸው መጽሔቶች ያመጣለት ነበር። ስንዴ የሚያጭዱ ሴቶች፣ ብረት የሚያቀልጡ ወንዶች፣ ግድብ የሚሠሩ ተማሪዎች፣ ሁሉም ሥራ ላይ ሆነው ይስቃሉ። ሰይድ ገጾቹን እየገነጠለ በሊጥ ግድግዳችን ላይ ለጠፋቸው። እናቴ «ይህ ሁሉ ሰው ጥርሱን ገልፍጦ እያየኝ እንዴት ሁኜ ነው ልብስ የምቀይረው?» ብላ ተቆጣች፣ ግን አላነሳቻቸውም፤ እሱ የወደደውን መንቀል አትችልም ነበር።

ከግቢው ድምፅ ማጉያ አመሻሹ ላይ ዘፈን ይለቀቅ ነበር። መጀመሪያ የሰማን ዕለት መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ከእኛ ቤት በላይ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ሼህ ይማም፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ካዳመጡ በኋላ «ይችማ አምባሰል ናት» አሉ። አልተሳሳቱም። ድምፁ ሽቅብ ሲወጣም፣ ሲመለስም የሚረግጠው ቦታ የእኛው ነው። ሰይድ ክራሩን በአምባሰል ይቃኝና አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያንን ዘፈን ይከተለዋል። አንድ ቀን ደጉን ቃሉ ምን እንደሚል ቢጠይቀው ስለ ትራክተርና ስለ መኸር እንደሆነ ነገረው። ወንድሜ በጣም አዘነ። «ይህን የመሰለ ዜማ ለትራክተር?» አለና ውጫሌ ላለች አንዲት ልጅ የራሱን ግጥም ከተተበት። ያን ዘፈን ነው ሐያት ሱቅ ውስጥ ሰምቼ የደነገጥኩት። ዛሬ እዚያው አገሩ አሮጊቶች ለጤናቸው ይወዛወዙበታል፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሱበታል። አልቀየምም፤ የኛም ልጆች ያን ዘመን ሲያነሱ ቦላሌውንና ጎፈሬውን ብቻ ነው የሚያነሱት።

አልፎ አልፎ ጀምበር ስትጠልቅ ፊልም ያሳዩን ነበር። በሁለት ግንድ መሀል አንሶላ ይወጥራሉ፣ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፣ ሴቱ በአንድ ወገን ወንዱ በአንድ ወገን መሬት ላይ እንቀመጣለን። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ድረስ በበቅሎ የሚመጣ ሰው ነበር። ፊልሙ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ባለርስቱ ድሃውን ይገርፋል፣ ድሃው ይነሳል፣ ሴቶች ጠመንጃ ይዘው በእግር ጣታቸው ጫፍ ይደንሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ባንዲራ ይውለበለባል። ደጉ በዚያ በመጽሐፍ አማርኛው «የተከበራችሁ እናቶች ሆይ፣ አሁን ጨቋኙ መደብ በመቅረብ ላይ ይገኛል» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀን ግን ልጇ የሞተባት አሮጊት አንሶላው ላይ መጣች። ልጇን በቃሬዛ አመጡላት። አንድ ጊዜ እንባዋን ጠረገችና የልጇን ጠመንጃ አንስታ መዝፈን ጀመረች። እናቴ ይህን አልቻለችም። እናቴ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ለቅሶ ላይ መሀል ቆማ ሙሾ እያወረደች ሰውን የምታስለቅስ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራት ነበር፣ ከሩቅ ቀበሌ በቅሎ ይላክላት ነበር። ብድግ አለችና አንሶላው ላይ ላለችው ሴት አለቀሰችላት፦

ተራራ ሥር ወድቆ ልጅሽ ሲጣራ፣
ማን ውሃ ሰጠልሽ ማን ነበር ከሱ ጋራ።

ሴቱ ሁሉ ተነፋረቀ። ቻይኖቹ መጀመሪያ የሳቁ መሰለኝ፣ ኋላ ዝም አሉ። ወጥ ሠሪያቸው ጸጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነበር፤ ድስቱን ትቶ መጥቶ ከኋላ ቆሞ እናቴን ሲያይ ትዝ ይለኛል። ስንመለስ ሰይድ «እማ፣ ፊልም እኮ ነው፤ የሞተ ሰው የለም» አላት። «ታዲያ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ማን ዝፈኝ አላት?» ብላ ተቆጣችው። ሰይድ ሳቀባት፣ እሷም ኋላ አብራው ሳቀች።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ፖለቲካውን እኔ አላውቀውም፣ እናውቃለን የሚሉትም ሲያወሩት እስከ ዛሬ አይግባቡም። እኔ የማውቀው፣ አንድ መጽሐፍ አብረው ያነበቡ፣ አንድ ዓይነት ቆብ የደፉ፣ አንድ ዘፈን የዘፈኑ ልጆች ተከፋፍለው መፈላለግ መጀመራቸውን ነው። ሰይድን ደሴ ከተከራየበት ቤት «ና ውጣ» ብለው ወሰዱት። ሞቱን የነገረን አብሮት የሚማር ልጅ ነው፤ በጓሮ ገብቶ ነግሮን በጓሮ ወጣ። አስከሬኑ የት እንደወደቀ እሱም አያውቅም። በማግሥቱ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና ደጃችን ቆሞ ለቅሶ መቀመጥም፣ ጥቁር መልበስም ክልክል እንደሆነ ነገረን። «ለጸረ አብዮት ለቅሶ የለም» አለ። ባዳ ሰው አልነበረም፤ የእናቱን ለቅሶ ያደመቀችው የእኔ እናት ናት። ጎረቤቱ ፈራ። አንዳንዱ እሳት ሊጭር የመጣ መስሎ ብቅ ይልና የእናቴን እጅ ጨብጦ ምንም ሳይናገር ይወጣል።

የሰውን ሁሉ ሟች ያለቀሰች ሴት የራሷን ልጅ ማልቀስ ተከለከለች። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። እናቴ አላለቀሰችም፣ ስሙንም አልጠራችም። የግድግዳውን ሥዕል ሁሉ ልጣ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት፣ ልብሷ ላይዋ ላይ ሰፋ። አንድ ቀን ውሃ ስንቀዳ እንስራዋን አስቀምጣ ደረቷን በመዳፏ ያዘችና «እዚህ ላይ ተቀምጧል ዘሃራ። አልወጣ አለኝ። ልጄን ሳላለቅሰው ከሞትሁ አፈርም አይቀበለኝ» አለችኝ። እኔ ያኔ ለአካለ መጠን የደረስኩ ልጅ ነኝ፤ ግን ምን ላድርግላት? ወንድሜን ቀብሬ ሳልጨርስ፣ እንዲያውም ሳልቀብረው፣ እናቴንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

መስከረም ጠባ። ወደ ግሸን የሚወጡት ተሳላሚዎች በመንገዱ ማለፍ ጀምረዋል፣ እኛ ደግሞ ረመዳንን ይዘናል። አንድ ቀን ከቻይኖቹ ግቢ ዘፈን ጠፋ። ደጉ ዓይኑ አብጦ መጣና «አባታችን አረፉ» አለን። ሊቀመንበሩ መሆናቸው ነው። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ቻይኖቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረዋል፣ የሊቀመንበሩን ትልቅ ምስል ግድግዳ ላይ ሰቅለው ፊት ለፊቱ ተሰልፈዋል። አንገታቸውን ደፉ። ድምፅ የለም። ቆይተው ቀና አሉና ወደየሥራቸው ሄዱ። ሰዉ ግራ ገባው። አባት ሞቶ ደረት የማይመታበት፣ ስም ተጠርቶ የማይለቀስበት ለቅሶ አይተን አናውቅም። ብዙ ከተመከረ በኋላ የተደረሰበት ፍርድ፣ እነዚህ ሰዎች አገራቸው ሩቅ ስለሆነ አልቃሽ ይዘው አልመጡም የሚል ነበር። ሼህ ይማም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «የጎረቤት ሐቅ አለብን። አልቃሽ ከሌላቸው እናውሳቸው። ፋጡማ ትሂድላቸው» አሉ። አንዱ «ሼሆቹ፣ በረመዳን ሙሾ ይሆናል?» ቢላቸው «እሱን እኔ እጠየቅበታለሁ፣ ለኔ ተወው» አሉት። እኒህ ሰው ሙሾ ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው የሚያልፉ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ለምን እንደዚያ እንዳሉ ለመረዳት ግን ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ቀበሌውም የወዳጅ አገር ሊቀመንበር ለቅሶ ነውና እንቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ጥበቃውን ጨምሮ ላከልን።

ከዐስር ሶላት በኋላ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባን። ክርስቲያኖቹ ንፍሮ ይዘዋል። ቻይኖቹ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ደንግጠው ተያዩ፤ ደጉ ሮጦ ለአለቃው አስረዳው፣ ወንበር አመጡልን፣ እኛ መሬት ላይ ተቀመጥን። እናቴን ሁለት ሴቶች ደግፈው መሀል አቆሟት። ከሲታ ሆናለች። ድምፅ ይወጣት እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ወጣላት፤ በአምባሰል ጀመረችው፦

አባታችሁ ሞቶ ባሕር ማዶ አገር፣
ማን አፈር አለበሰው ማን ነበር ሲቀበር።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ስለ አገሩ ርቀት፣ ስለ ልጆቹ ብዛት ጥቂት ካለች በኋላ ፊቷን ከምስሉ አዞረች፦

ገና ሚስት አላገባ ጢሙም አልበቀለ፣
በየትኛው አንጀቱ ሰው ና ውጣ አለ።

አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ጨመቀችኝ። ያልገባው ሰው አልነበረም። ያ በየቤቱ ታምቆ የከረመ ሁሉ አንድ ጊዜ ፈነዳ፤ የሰይድ ብቻ አልነበረም፣ የሌላውም ቤት ልጅ ነበረበት። እናቴ ቀጠለች፦

አጥቤ ሳልሸኘው ከፈን ሳላለብሰው፣
የት አፈር ላይ ሄጄ በእጄ ልዳብሰው።

እኔም ወንድሜን ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው። መሬቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩት።

ጥበቃው ሰዉን እየገፋ ወደ መሀል መጣ። «ወይዘሮ ፋጡማ፣ ለማን ነው የሚያለቅሱት?» አላት። «ለተጠራሁበት ነዋ» አለችው። «የሞቱት ሽማግሌ ናቸው። አንቱ ጢሙ ያልበቀለ ይላሉ።» አሁን ወሰዷት ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሼህ ይማም ከተቀመጡበት ሳይነሱ ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩና «እስቲ እየው። የታለ ጢሙ?» አሉ። ጥበቃው ቀና ብሎ አየ፣ እኛም አየን። ሊቀመንበሩ ጉንጩ ሞልቶ፣ ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ቁልቁል ያየናል፤ አንዲት ጢም የለችበትም። የሳቀ ሰው አልነበረም። ጥበቃው እናቴን አየ፣ ሼሁን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። የግቢው አለቃ ደጉን ምን እንደምትል ጠየቀው፣ ደጉም ጥቂት አሰብ አድርጎ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረው። ምን ብሎ እንደተረጎመ ኋላ ስጠይቀው «በጣም አዝናለች አልኩት» አለኝ።

መግሪብ ሲባል ያ ወጥ ሠሪ ሽማግሌ ለእናቴ ማፍጠሪያ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዞላት መጣ። ሲያለቅስ ቆይቷል፤ እንደ ጓደኞቹ ተሰልፎ ሳይሆን የእንጨቱ ክምር አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። ከፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አለና ለደጉ በዝግታ አንድ ነገር ነገረው። ደጉ «የልጅዎ ስም ማን ነው ይላል» አለ። እናቴ ሽማግሌውን ቆይታ አየችው። «ሰይድ» አለች። «ሰይድ እንድሪስ። ሰይዶየ።» ከክረምቱ ወዲህ ስሙ ከአፏ ሲወጣ መስማቴ ነው። ሽማግሌው እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስል ስሙን ቀስ ብሎ ደገመው። እናቴም «የሱስ? የሱ ሟች ማን ይባላል በለው» አለች። ደጉ ዘወር ብሎ ጓደኞቹን አየና ሳይወድ ጠየቀው። ሽማግሌው አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወደ አለቃው ሄደ፣ ወደ ምስሉ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ የሊቀመንበሩን ስም ጠራ። «ያለቀስኩት ለሊቀመንበራችን ነው ይላል» ብሎ ደጉ ተረጎመ፣ ቀና ብሎም አላየንም። እናቴ እጇን የሽማግሌው ጉልበት ላይ አሳርፋ «አብሽር» አለችው፤ እኛ ሐዘንተኛን የምናጽናናበት ቃል ነው። ወደ ደጉም ዞራ «አታስጨንቀው፣ ተወው። አላህ ስሙን ያውቀዋል» አለች።

የሽማግሌው ነገር በደንብ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮ ቤቶቹ መጡ፣ ቻይና ማለት ለልጆቻችን ካራቴ ሆነች፤ የሐይቅ ጎረምሳ ሁሉ ግንድ እየረገጠ ቁርጭምጭሚቱን አወለቀ። ቀጥሎ ስልክና መንገድና ፋብሪካ ሆነች። በዚህ መሀል አንድ ቀን ከሐያት ጋር የቻይና ድራማ ሳይ አንዲት መንደር መጣች። ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩ ተማሪዎች አስተማሪያቸውን የወረቀት ቆብ አስደፍተው እየሰደቡ ያዞሩታል፣ ሲሞት ሚስቱ እንዳታለቅስ ትከለከላለች። ያ ዘመን ቻይኖቹ እኛ ዘንድ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እንደነበር ሐያት ከስልኳ አንብባ ነገረችኝ። ለካ እነዚያ መጽሔት ላይ የሚስቁት ሰዎች ቤትም የኛ ቤት ዓይነት ነበር። ተነስቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ እህል ወረደላት፣ ብዙ ዓመትም ኖረች። አልቃሽነቱን ግን ተወችው፤ ቢጠሯት ደከመኝ ትላለች። ሐሙስ ምሽት ዱዓ ስታደርግ ለሰይድ ትለምንና «ለዚያም፣ ሽማግሌው መጥራት ለፈራው» ብላ ትጨምራለች። ልትሞት ስትል ይህን ዱዓ ለኔ አደራ አለችኝ፣ እኔም አላስታጎልኩትም። የሽማግሌው ሟች ልጁ ይሁን ወንድሙ፣ ሚስቱ ትሁን እናቱ አላውቅም። የወንድሜን ስም እጠራና ቀጥሎ እዚያ ቦታ ስደርስ እጄን እንደዘረጋሁ ዝም እላለሁ። አንድ ስም የሚጠራበትን ያህል እቆያለሁ፣ ከዚያ አሚን እላለሁ።